ልጄን በአስተርጓሚ የሰማኋት ምሽት

እስካሁን መኪና እየነዳሁ ነገሩ ድንገት ትዝ ሲለኝ «እግዚኦ!» ብዬ ብቻዬን እጮሃለሁ። መብራት ላይ አጠገቤ የቆመው ሾፌር በስልክ የማወራ ስለሚመስለው ዞር ብሎም አያየኝ። እኔ ግን ያን አዳራሽ፣ ያን ማይክሮፎንና ያን የማላውቀውን ሰው ጎርናና ድምፅ ከጆሮዬ ማውጣት አቅቶኛል። ለናንተ ብነግራችሁ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክረው።

ውብአለም እባላለሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ግን ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድርያ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ነው። ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ከኢንሹራንሶች ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ መርፌ የሚፈሩትን አባብላለሁ። አፌ አያርፍም። ባለቤቴ ደረጀ «አንቺ እኮ ለፓርላማ ነበር የተፈጠርሽው» ይለኛል፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሦስት ልጆች አሉን። ያን ጊዜ ትልቁ ኢዮብ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ናርዶስ አሥረኛ፣ ትንሿ ሶስና ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነበሩ።

የሰፈራችን ሃይስኩል፣ ስሙን አልጠራም፣ ሞልቶ ፈሰሰ። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረው እንኳ ለልጆቹ አልበቁም። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ሌላው ሃይስኩል ግን ባዶ ክፍሎች ነበሩት። የትምህርት ቦርዱ የተማሪውን ቁጥር ለማመጣጠን ሁለት ሐሳብ አመጣ። አንደኛው፣ የሰፈሩን ክልል አዛውሮ ከፊሉን ተማሪ ወደዚያ መላክ ነው። ሁለተኛው፣ ዘጠነኛ ክፍሎችን በሙሉ ከትልልቆቹ ለይቶ፣ ተዘግቶ በነበረ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ለብቻቸው ማስተማር። ፍሬሽማን ካምፓስ ይሉታል። የቦርዱ ሰዎች ያዘነበሉት ወደ ሁለተኛው ነው ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት የምትገባው ደግሞ የኔዋ ሶስና ናት።

እኛ የሐበሻ ወላጆች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በስልክ ኮንፈረንስ እንሰበሰባለን። ሰብሳቢያችን አቶ ዘሪሁን ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ድምፃቸው ግርማ ያለው አዛውንት። በድምፅ እንጂ በመልክ የምንተዋወቅ ጥቂቶች ነን። አንዱ ሥራ ላይ ሆኖ፣ አንዷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ አንዷ ስልኳን ሚዩት ማድረግ ረስታ ባሏን እየተቆጣች ነው የምንወያየው። በዚያ እሑድ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር።

«እኔ ምንም ክፋት አይታየኝም» አለ አንድ አባት። «ትንንሾቹ ከጎረምሳ ጋር ከሚጋፉ ለብቻቸው ቢሆኑስ?»

«ለብቻቸው ሲሆኑ ማን ሊጠብቃቸው ነው?» አልኩ እኔ፣ ተራዬን እንኳ ሳልጠብቅ። «እኔ ባለፈው ዓመት ሴት ልጄን ሃይስኩል ሳስገባ አንድ ቀን አልተጨነቅኩም። ለምን? ወንድሟ እዚያው ነው። አደራ ብዬ ሰጠሁት። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ሲወጡም አብረው ይወጣሉ። ልጅቷ ዓመቱን ምንም ሳይነካት ጨረሰች። አሁን ታናሽየዋን ማንም ወደሌላት ሕንጻ ልስደዳት?»



«ይሄ ነው መናገር!» አሉ አቶ ዘሪሁን። «ቦርዱ ፊት ይቺ ሴት ትናገርልን። የሚቃወም አለ?»

ማንም አልተቃወመም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኛል። ስልኩን ስዘጋው ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ በእንግሊዝኛ ስለማመድ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ናርዶስ ፍሪጁን ከፍታ እንደቆመች ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ማሚ፣ ይሄን ነገር ሪሊ ልትዪው ነው? ስለ ኢዮብና ስለኔ?»

«አዎ። ምን አለበት? ስምሽን አልጠራም።»

«ነቲንግ» አለችና ፍሪጁን ዘግታ ወጣች። እኔም «አሥራ አምስት ዓመት ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ወደ ንግግሬ ተመለስኩ።

የስብሰባው ቀን ከሥራ በጊዜ ብወጣም ድልድዩ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ያዘኝ። እየነዳሁ፣ እየጸለይኩ፣ እየተሳደብኩ ደረስኩ። ደረጀ ሥራ ነበር፤ ኢዮብ ሶስናን ይዞ ቤት ነው፤ ናርዶስ ላይብረሪ እንደሆነች ቴክስት አድርጋልኛለች። አዳራሹ ጢም ብሏል። በሩ ላይ የትርጉም ማዳመጫ ያድላሉ፤ እስፓኒሽ የሚፈልግ በዚህ፣ አማርኛ የሚፈልግ በዚያ። እኔ አያስፈልገኝም ብዬ ላልፍ ስል አንድ አጠር ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ እጄን ያዙኝ።

«ውብአለም አንቺ ነሽ? በድምፅሽ አወቅኩሽ። ዘሪሁን ነኝ። ያዢው፣ ልጄ፤ ሲቸኩሉ እንግሊዝኛቸው ያመልጣል።»

እኔ በስልኩ ድምፅ ብቻ ግዙፍ ሰው አድርጌ ስያቸው ነበር። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ማዳመጫውን ተቀበልኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ተራዬ ሲደርስ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ጥቁር አሜሪካዊት፣ «ሚስስ ገሠሠ» ብላ ጠራችኝ። ተናገርኩ። እንዲያውም እንደዚያን ቀን ተናግሬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ታላቅ ልጅ ማለት ግማሽ ወላጅ ነው፣ እናንተ ወንድምና እህትን በሁለት ሕንጻ ስትከፍሉ የልጁን ጥበቃ ነው የምትወስዱበት አልኳቸው። የራሴን ልጅ ምሳሌ አደረግኩ። «ወንድሟ ስለነበረ አንድም ቀን ብቻዋን አልበላችም» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ዘሪሁን ስመለስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አኮራሽን» አሉኝ።

ከኔ በኋላ አንዲት ፈረንጅ እናት ልጇ ከትልልቆቹ ጋር ኦርኬስትራ መጫወት እንደማይችል ተናገረች። አንድ አባት ስለ አውቶቡስ አማረረ። እኔ ገና ጭብጨባው ከጆሮዬ ስላልወጣ ብዙም አላዳመጥኳቸውም። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ ብቻ አድርጌ፣ ለደረጀ «ጉድ አደረግኳቸው» ብዬ ቴክስት ልጽፍ ስልኬን አወጣሁ።

«ቀጣዩ ተናጋሪያችን ተማሪ ናት» አለች ሰብሳቢዋ። «ናርዶስ ደረጀ።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ናርዶስ ደረጀ አለች ብዬ ነው። ስሙ ብርቅ አይደለማ! ከኋላ መቀመጫዎች ከተማሪዎች መሀል የኢዮብን ግራጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ተነስታ በመተላለፊያው ወረደች። አጠገቤ ስታልፍ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ጎትታዋለች። ሁልጊዜ የምትለብሰው ሹራብ፣ ወደ ኋላ የምታስረው ፀጉር፣ ጠዋት እኔ ራሴ የሰጠኋት ቦርሳ። ላይብረሪ የነበረችው ልጄ ናት። አላየችኝም፤ አይታኝ ከሆነም እንዳላየች ሆና አለፈች። ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ናርዶስ ቤት ውስጥ እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ እሱንም ባጭሩ። «ፋይን»፣ «ጉድ»፣ «አይ ዶንት ኖው»። እንግዲህ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ መናገር ስትጀምር በአንዱ ጆሮዬ የሷ ቀጭን እንግሊዝኛ፣ በሌላው ደግሞ የአስተርጓሚው ጎርናና አማርኛ ገባ። አስተርጓሚው ደንቡ ሆኖ «እኔ» እያለ ነው የሚተረጉመው።

«ስሜ ናርዶስ ይባላል» አለ ሰውዬው በጆሮዬ ውስጥ። «አሥረኛ ክፍል ነኝ። ባለፈው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ምሳዬን የምበላው ሽንት ቤት ውስጥ ነበር።»

አስተርጓሚው ተሳሳተ አልኩ። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ሰውዬውን ልቆጣው ወደ ኋላ ዞርኩ። ማዳመጫውን ነቅዬ የራሷን ድምፅ ሰማሁ። «ባዝሩም» እያለች ነው። ሰውዬው አልተሳሳተም። እጄ ማዳመጫውን መልሶ ጆሮዬ ላይ አደረገው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት በአማርኛ ካልሰማሁት የማላምነው ሆኖብኝ ይሆናል።

«ምሳ በፈረቃ ነው። ታላቅ ወንድሜ ያለው በሌላኛው ፈረቃ ነበር። ለቤተሰባችን አልነገርንም፤ እናቴ አብረን እንደምንበላ ስታስብ ደስ ይላታል። የመጀመሪያ ሰሞን ምሳ ዕቃዬን ይዤ መቀመጫ ስፈልግ ጠረጴዛው ሁሉ የተያዘ ነው። ቆሜ በላሁ። አንድ ልጅ ቆሜ ስበላ ፎቶ አነሳኝና ለጓደኞቹ ላከው። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ እግሬን ከፍ አድርጌ መብላት ጀመርኩ። ጫማዬን አይተው እንዳያውቁኝ ነው።»

ናርዶስ ምሳ ዕቃ ውስጥ እኮ እኔ ነኝ ምግቡን የማስቀምጠው! ባዶውን ስትመልስልኝ «ጎበዝ» የምላት እኔ ነኝ።  ከፊቴ ያለውን ወንበር በሁለት እጄ ያዝኩት።

«በበረዶው ወራት ደረጃው ላይ በግፊያ ወደቅኩ» ቀጠለ ሰውዬው፤ ድምፁ ቀዝቀዝ እያለ መጣ። «እጄን ረገጡት። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ከኋላቸው ስለሚገፏቸው መቆም አይችሉም። ለእናቴ ጂም ውስጥ ኳስ መታኝ አልኳት። ማታ ማታ እያሸች በፋሻ ትጠቀልልልኝ ነበር።»

ያን እጅ አስታወስኩት። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ቀን ላይ «አርፈሽ አትቀመጪም? ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል?» ብያት ነበር። እሷም «ሶሪ ማሚ» አለችኝ።

«ካምፓሱ ቢለይ ሁሉም ነገር ይስተካከላል አልልም» አለች ናርዶስ፤ አሁን የሷን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው። «አላውቅም። ግን እናንተ የምታወሩት ይሄኛው ሕንጻ ስንት ይይዛል፣ ያኛው ስንት ይይዛል እያላችሁ ነው። እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ትገባለች። የት እንደምትበላ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም የለኝም።»

 አቶ ዘሪሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የማን ልጅ ናት ይቺ? ወላጅ የላትም እንዴ? የሽንት ቤት ወሬ አደባባይ ይዛ ትወጣለች? ያንቺን ንግግር እኮ አፈረሰችው!»

 ሰውዬው አያውቁም። ማንም አያውቅም። እኔ የአባቴን ስም ይዤ ገሠሠ፣ እሷ የአባቷን ይዛ ደረጀ። እዚህ አገር እናትና ልጅ በአንድ ስም ነው የሚጠሩት፤ ሰብሳቢዋ ፊት ያለው ወረቀት ላይ እኔና እሷ ምንም አንገናኝም።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ናርዶስ፣ እዚህ ቆሞ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወላጆችሽ ይህን ያውቃሉ?»

ናርዶስ ወደኔ አልዞረችም። እጅጌዋን ጎተተች። «አያውቁም» አለች። «እናቴ ጥሩ እናት ናት። እባካችሁ እሷን እዚህ ውስጥ አታስገቧት።»

ይኼኔ ነው የሆነ ነገር የተቆረጠብኝ። ከሦስት ወንበር በላይ አልራቅኳትም፤ እኔ ቅድም ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ ስዋሽባት ሰምታኛለች፤ እሷ ግን ሰው ሁሉ ፊት እየሸሸገችኝ ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ የሚያውቀኝ የለም። አቶ ዘሪሁን እንደኮሩብኝ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እሑድም በስልክ «ጎበዝ ተናጋሪያችን» እባላለሁ። ልጄ ደግሞ ያን ማይክሮፎን ትታ፣ ወላጅ የላትም ተብላ፣ ብቻዋን በመተላለፊያው ትመለሳለች።

ተነሳሁ።

«እናቷ እኔ ነኝ!»

የጮህኩት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶብኛል። ከኋላ የተቀመጠው አስተርጓሚ፣ ወፍራም ጢማም ሰው፣ ብድግ አለና ሥራው ሆኖበት በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ደገመው። አዳራሹ ዞረ።

«ማዳም፣ እርስዎ ተራዎን ጨርሰዋል» አለች ሰብሳቢዋ፤ ከዚያ አስተርጓሚው ያለው ገባትና እንድቀጥል በእጇ አመለከተችኝ።

«ቅድም የተናገርኩት ስለዚችው ልጅ ነው» አልኩ፤ ሰውዬው እየተከተለ ይተረጉማል። «አንድም ቀን ብቻዋን አልበላችም ያልኩት እሷን ነው። አላውቅም ነበር። አሁን ከናንተ ጋር እኩል ነው የሰማሁት። እኔ ያልኩትን ተዉትና እሷ ያለችውን ጻፉ።»

ናርዶስ ዞረች። ፊቷን ላስረዳችሁ አልችልም። ልትቆጣኝ ነው ብላ የፈራች ልጅ ፊት ነበር፤ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆነ። መተላለፊያው ላይ ተገናኘን። አቅፌ ያዝኳት። አቶ ዘሪሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነስተዋል።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለሷ አላወቅኩም።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር ጠየቅኳት።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ናርዲ?»

«ዩ ኔቨር አስክድ ሚ፣ ማሚ» አለች፤ ቁጣ የለውም ድምጿ። «ሁልጊዜ የምትጠይቂው ኢዮብን ነው።»

 እውነቷን ነው። ማታ ስገባ «እህትህ እንዴት ዋለች?» እለዋለሁ፤ እሷ እኮ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነው! «ደህና ናት» ይለኛል፤ አለቀ። አደራ የሰጠሁት እሱን ስለሆነ የሚጠየቀውም እሱ ነው። እኔም የተጠየቅኩት በታላቅ እህቴ በኩል ነው፤ እናቴም እንዲሁ። ሌላ አጠያየቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቤት ገብተን ኢዮብን አቆምኩት። ልቆጣው ነበር ያሰብኩት።

«ማሚ፣ ስኩሉ ውስጥ እኮ አላያትም። ዓመቱን ሙሉ አላየኋትም ማለት ይቻላል» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሦስት ፎቅ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው።»

«ታዲያ ደህና ናት የምትለኝ ምን አይተህ ነው?»

«ቤት ስትገባ አያታለሁ። ደህና ትመስላለች።»

እንዴት ልቆጣው? አንድ ጎረምሳ ላይ አባትም እናትም የመሆን ሥራ ጭኜበት፣ እሱም ያቺኑ «ደህና ናት» ይዞ ተሸክሞልኛል።

እሑድ ሲደርስ ኮንፈረንሱ ላይ ለመግባት አፍሬ ነበር። ገባሁ። አቶ ዘሪሁን ግርማ ያለውን ድምፃቸውን ጠራረጉና «ዛሬ እኛ ዝም እንላለን። ልጆቹን አቅርቡልኝ፤ የራሴንም የልጅ ልጆች አቀርባለሁ» አሉ። ከዚያ ስልኮቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ተሰማ። አንዱ ልጅ ካምፓሱ ይለይ አለ፣ አንዷ በጭራሽ አለች፣ አንዱ ደግሞ ወደ ሌላው ሃይስኩል ቢቀይሩት ደስታውን እንደማይችለው ተናገረ። ምክንያታቸውን ሲያወሩ ከየቤቱ «ምን? መቼ?» የሚል የወላጅ ድምፅ ይሰማል። ሚዩት ማድረግ የረሳች አንዲት እናት ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ቦርዱ ውሳኔውን አራዝሞታል። የትኛው እንደሚሻል እኔም ዛሬ አላውቅም፤ እንደበፊቱ ቁርጥ አድርጌ ብናገር ራሴን አላምነውም። እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች ግን፣ ልጃችሁ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ ስለሷ ሌላ ሰው የምትጠይቁ ከሆነ፣ እባካችሁ ጥያቄውን ወደሷ አዙሩት። በእንግሊዝኛ ብትመልስም ቁጭ ብላችሁ ስሟት፤ «ፋይን» ስትልም ቶሎ አትነሱ። የልጄን ዓመት ከማላውቀው ሰው አፍ መስማት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሶስና የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኢዮብና ናርዶስም እዚያው ነበሩ።

«የቱ ሕንጻ ቢሆን ይሻላል?» አልኩ፣ እሷን እያየሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ወንድሟን አየች፤ እህቷንም አየች፤ ከሁለቱ አንዳቸው እስኪመልሱልኝ ጠበቀች።

«አንቺን ነው፣ ሶሲ» አልኳት።

«ሚ?» አለች፣ እርሳሷን አስቀምጣ።